«እርጅና ነው» እያልን ስንቱን ዓይን ጨለማ ውስጥ ተውነው?

ከጻፍሁላችሁ ብዙ ቆየሁ፤ ሥራ ስለበዛብኝ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም። ዛሬም የምጽፍላችሁ ከቤቴ ሆኜ አይደለም። ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ «ሃሳዓ» የምንለውን የሠራተኛ ማመላለሻ እየጠበቅሁ ነው። ፀሐይ እየወጣች ነው። ወዲያ ማዶ ትልቁ የኢንቴል ፋብሪካ ይታየኛል። የቀን ፈረቃው ሠራተኛ ይገባል፣ የሌሊቱ ይወጣል። ከሚገቡትም ከሚወጡትም መካከል የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የእኔ ሥራ ማየት ነው። ከማሽን የሚወጡ የፕላስቲክ ዕቃዎችን በመብራትና በማጉያ እያገላበጥሁ፣ ጭረት ወይም ስንጥቅ ያለበትን ለይቼ አወጣለሁ። የመከላከያ መነጽር ካላደረግሁ ኃላፊዬ ወደ ማሽኑ አያስጠጋኝም። «ዓይን መለዋወጫ የለውም» ይለናል ሁልጊዜ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ከፀጉር የቀጠነ ጭረት ስለይ የኖርሁ ሰው፣ የእናቴ ዓይን እየጠፋ መሆኑን አላየሁም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የጠየቅሁትን፣ የሰማሁትንና በቤቴ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

እናቴ በ1991 (እ.ኤ.አ.) በግንቦት ወር፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በተነሣበት በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት አንዷ ናት። ዓይኗ የደከመው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ምስር ስትለቅም ድንጋዩን መለየት አቃታት። ቀጥሎ ቡና ስትቀዳ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ይፈስስ ጀመር። ቆየት ብሎ ጥልፏን ተወችው። ሰው በር ላይ ሰላም ሲላት፣ እስኪናገር ድረስ ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። እኛ ልጆቿ ምን አልን? «እርጅና ነው።» እሷስ? «እርጅና ነው ልጄ፣ ተወው።»

አንድ ዓመት ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ወጣን። ስግድን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቄሶቹ ባለ ብዙ ቀለም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲቆሙ እንዴት እንደሚያምር። እናቴ ከጎኔ ቆማ፣ «ዘንድሮ ጃንጥላው ሁሉ ነጭ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቀዩም፣ ወርቃማውም፣ ሐምራዊውም ለእሷ አንድ ሆኖባት ነበር። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ደንግጬስ ምን አደረግሁ? እውነቱን ልንገራችሁ… ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ምንም አላደረግሁም።

ምንም ስል ጭራሽ ሐኪም አላየችም ማለቴ አይደለም። ወደ አንድ የዓይን ሐኪም ተወስዳ ነበር። እኔ ግን ፈረቃ ላይ ስለነበርሁ አብሬ አልሄድሁም። ያስተረጎመችላት የ11 ዓመት ልጄ ናት። ሐኪሙ «ካታራክት» አለ፣ ልጄም ለአያቷ፣ «ዓይንሽ ውስጥ ደመና አለ፣ በቢላ ቆርጠው ያወጡታል» ብላ ተረጎመች። በልጅ አማርኛ የቻለችውን ያህል ተናገረች፤ ጥፋቷ አይደለም። እናቴ ግን በዚያ ቀን ልቧ ተቆረጠ። «ያየሁት ይበቃኛል። እናንተን አሳድጌያለሁ፣ ኢየሩሳሌምን አይቻለሁ። ዓይኔን በቢላ አላስነካም» አለች። በኋላ የቀጠሮ ደብዳቤ በዕብራይስጥ መጣ። ከመብራትና ከውኃ ሂሳብ ጋር መሳቢያ ውስጥ ገብቶ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው ያገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እስኪ አሁን ይህ «ሞራ» የምንለው ምን እንደሆነ እንነጋገር። ብዙዎቻችን የዓይን ሞራ ከላይ የሚበቅል ቆዳ ይመስለናል። እንደሱ አይደለም። ከዓይናችን ብሌን በስተኋላ፣ ብርሃኑን የምታስተካክል ጥርት ያለች ትንሽ ሌንስ አለች። ያቺ ሌንስ ራሷ ስትደፈርስ ነው የዓይን ሞራ ግርዶሽ የሚባለው። ትልቁ ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ስኳር በሽታ፣ በዓይን ላይ የደረሰ ምት፣ ሲጋራ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ የኮርቲዞን መድኃኒትም ያፋጥኑታል። በጠብታ አይለቅም፣ በመነጽር አይድንም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የደፈረሰችውን ሌንስ አውጥቶ በሠው ሠራሽ መተካት።

እኔን የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኛውን በጣም የገረመኝ የዚህ ነገር ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም፣ የተመቱ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎችን ያክም ነበር። የአውሮፕላኑ መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ዓይኑ ግን አልተቆጣም። ሰውዬው ይህን አይቶ፣ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ ቢሠራስ ብሎ አሰበ። በኅዳር 1949 (እ.ኤ.አ.) ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን በሰው ዓይን ውስጥ ተከለ። በዘመኑ የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ ተቃውመውት ነበር። በ1967 ደግሞ ቻርልስ ኬልማን የተባለ አሜሪካዊ፣ የደፈረሰችውን ሌንስ በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ መምጠጥ የሚያስችል ዘዴ አመጣ። ለኃላፊዬ ይህን ነግሬዋለሁ፤ «ዓይን መለዋወጫ የለውም የምትለን፣ ለሌንሷስ አላት» ብየዋለሁ። ሳቀ፤ መነጽሬን ግን አላስወለቀኝም። ልክ ነው፣ ከሌንሷ በስተጀርባ ላለው ነርቭ መለዋወጫ የለም።

እናቴን ያሳመናት እኔም ሐኪሙም አይደለንም። በዚሁ ቀጠና በጽዳት ሥራ የምትተዳደር አንዲት የሠፈራችን እናት አለች፤ ሁለቱንም ዓይኗን ተሠርታለች። ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ መርፌ አምጡልኝ አለችና ክሩን በእናቴ ፊት አስገባችው። ከዚያ የሆነችውን ሁሉ አንድ በአንድ ተረከችላት፤ ምን እንደሰማች፣ ምን እንደፈራች፣ መቼ እንደጨረሱ። የእኛ ሰው የሚያምነው በሰው ነው። እናቴ በማግስቱ ጠዋት፣ «እስኪ ያንን ቀጠሮ አስይዝልኝ» አለችኝ።

ቂርያት ጋት ሆስፒታል የላትም። ወይ አሽቀሎን፣ ወይ ሬሆቮት፣ ወይ ቤርሼባ መሄድ ነው። ከኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅታችን ማለት ነው) «ቶፌስ 17» የሚባለውን የክፍያ ዋስትና ወረቀት አወጣን። የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ ከ1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ መደበኛው ሌንስና ቀዶ ሕክምናው ይሸፈናል፤ ልዩ ሌንስ የሚፈልግ ግን ይጨምራል። በዕለቱ ዓይኗን በጠብታ አደነዘዙት፤ አላስተኟትም። የሚከፈተው ቀዳዳ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ብዙ ጊዜ መስፋትም አያስፈልገውም። የታጠፈችዋ ሌንስ ገብታ ውስጥ ትዘረጋለች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ውጭ ተቀምጬ ያመጣሁትን ቡና ሳልጨርስ ወጣች። ያን ዕለት ማታ ቤቷ አደረች።

በማግስቱ መሸፈኛው ተነሣ። እናቴ ዝም ብላ ትንሽ ተመለከተችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ራሴ ሰደደችና፣ «አንተ ልጅ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትኸው?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም። ልጇ ሲሸብት ያላየችበት ዘመን ነው የሸበትሁበት። ያን ዘመን የወሰደባት በሽታው ብቻ አይደለም፤ እኔም ነኝ። የሕክምናው ዕድል በእጃችን እያለ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ለዓመታት አዘገየሁባት።

ለዚህ ነው ዛሬ ሰበቦቻችንን አንድ በአንድ ላነሣቸው የፈለግሁት።

የመጀመሪያው «እርጅና ነው» የሚለው ነው። ሞራ ከእርጅና ጋር ይመጣል፤ እውነት ነው። ግን ጥርስ ሲወልቅ ጥርስ እናስተክላለን፣ ጉልበት ሲደክም ከዘራ እንይዛለን። ዓይን ላይ ሲሆን ምን ሆነን ነው እጃችንን የምናጣምረው? ማየት ያቆመ ሽማግሌ ይወድቃል፣ ዳሌው ይሰበራል፤ መድኃኒቱን ያሳስታል፤ ከሰው መሐል መውጣት ያፍራል። እኛ «ዝምተኛ ሆነዋል» እንላለን፤ እሳቸው ግን ማን እንደተቀመጠ ስለማያዩ ነው ዝም ያሉት።

ሁለተኛው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ በአክብሮት ልናገር። ይስሐቅ ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ያዕቆብም በመጨረሻ ዘመኑ፤ ካህኑ ዔሊም እንዲሁ። በኦሪት ዘመን ሌንስ የሚተክል ሐኪም አልነበረም። ዛሬ አለ። ሊቃውንቱ ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ለሐኪም የማከም ፈቃድ እንደተሰጠው አስተምረዋል። ያው ኦሪት በዕውር ፊት እንቅፋት እንዳናስቀምጥ ያዝዘናል። እኔ እንደሚገባኝ፣ የቀጠሮ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ መጣልም እንቅፋት ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ አይናቅ። አደጋ የሌለው ቀዶ ሕክምና የለም፤ አልፎ አልፎ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ ከተሠሩ በኋላ ዓይኑ ቢያም፣ ቢቀላ፣ ዕይታው ቢቀንስ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ መመለስ ነው። ጠብታውንም በሰዓቱ ማድረግ፣ ዓይንን አለማሸት። ነገር ግን በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው፤ አብዛኛውም ሰው በደህና ይድናል።

አራተኛው ቋንቋና ሥራ ነው፤ እኔን የጣለኝ ይህ ነው። ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት ለሕመምተኛው በቋንቋው እንዲያስረዱት ይጠበቃል፤ መጠየቅ ልመና አይደለም። ከሥራ መቅረትን በተመለከተም፣ በ1993 የወጣ ሕግ አለ። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ወላጅ ታሞ የሰው ዕርዳታ ሲያስፈልገው፣ ልጅ ከሕመም ፈቃዱ በዓመት እስከ 6 ቀን ሊወስድ ይችላል። ይህን በዚህ ቀጠና ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ አላውቅም ነበር። ሁኔታዎች ስላሉት የሠራተኞች ኮሚቴያችሁን ጠይቁ።

ሞራ ቢዘገይም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የማይመለስም አለ። አንድ አጎቴ አሉኝ፤ ሲሄዱ የበር መቃን ይገጫሉ፣ ሰው ይገፋሉ። አንዳንዱ «ጠጥተው ነው» ብሎ አማቸው። በኋላ ሲመረመሩ ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ጊዜ ይህ በሽታ የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ነርቩን የሚገድል ነው። አያምም፣ አይቀላም። መጀመሪያ የጎን ዕይታን ይወስዳል፣ ፊት ለፊት ስለሚታያቸው ሰዎች ደህና ነን ይላሉ። ጠብታው፣ ጨረሩ፣ ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ይጠብቃል እንጂ የሄደውን አይመልስም። አጎቴ፣ «ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ» ይላሉ። እኛ ምን ብለን እንመልስላቸው? የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ በሆነ ሰው ላይ ግላኮማ ይበረታል፣ በቤተሰብም ይሄዳል። ከ40 ዓመት ያለፋችሁ፣ መነጽር ስታሠሩ ግፊቱንም አስለኩት። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ በየዓመቱ የዓይናችሁን ውስጠኛ ክፍል አስመርምሩ። ገጠር ሳለን እምብዛም የማናውቀው ስኳር እዚህ ከመጣን ወዲህ እንዴት እንደበዛብን በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ በአገር ቤት ላላችሁት። ባለፈው ሳምንት ጎንደር ገጠር ላለች አክስቴ ደወልሁ። እንደ ወትሮው ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ ተጨዋወትን። ስልኩን ልዘጋ ስል ስለ እናቴ ነገር ትዝ አለኝና፣ «ዓይንሽስ እንዴት ነው?» አልኋት። «ፀጉሩ እየወጋኝ ነው፤ በወረንጦ እነቅለዋለሁ» አለችኝ። ለስንት ጊዜ? «አይ፣ ስንት ዓመት!» አየሽ ጉድ! ስንት ጊዜ ስደውል ኖሬ፣ ለሠርግና ለተዝካር ገንዘብ ስልክ ኖሬ፣ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቄያት አላውቅም።

ይህ ትራኮማ ነው፤ አባቶቻችን የዓይን ማዝ የሚሉት። ተሕዋሲው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት ይሄዳል። ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ያወጣል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ የዓይኑን መስታወት ይፍቃል። ልጆች የሚያሳድጉት ሴቶች ስለሆኑ በብዛት የሚጎዱት እነሱ ናቸው። በኢትዮጵያ ከ2005 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚያ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ሲሆን፣ 11.5 በመቶውን ደግሞ ትራኮማ ነው። አስቡት፤ ግማሹ የእናቴ በሽታ ነው፣ ሊመለስ የሚችል!

ፀጉሩን መንቀል መፍትሔ አይደለም፤ ተመልሶ ይበቅላል፣ አጭሩ ፀጉርም ይብስ ይወጋል። ቀዶ ሕክምናው ቆቡን ወደ ውጭ መመለስ ነው። ማደንዘዣ በመርፌ ተሰጥቶ፣ በጤና ጣቢያ፣ ለዚሁ በሠለጠነ ባለሙያ ይሠራል፤ ታካሚው ያን ዕለት ቤቱ ይገባል። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ መፋቁን ግን ያቆማል። በአማራ ክልል ካርተር ሴንተርና ላየንስ ክለቦች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው፣ ፋይዘር በነፃ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን መድኃኒት ለዓመታት ሲያድሉ ኖረዋል። ከበድ ያለ ሲሆን ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ማዕከል፣ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አሉ። ለሞራም ውድ ማሽን የማይጠይቅ በጠባብ ቀዳዳ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ ውጤቱ ጥሩ ነው።

ተስፋ እንዳትቆርጡ አንድ ነገር ልጨምር። ይህች የምንኖርባት አገርም የትራኮማ አገር ነበረች። በ1912 ዶክተር አብርሃም ቲኾ የሚባሉ የዓይን ሐኪም ኢየሩሳሌም ሲደርሱ፣ ትራኮማ በየሠፈሩ ነበር። አይሁድም ዓረብም በራቸው ላይ ይሰለፍ ነበር ይባላል። ዛሬ እዚህ ያሉ ወጣት ሐኪሞች ትራኮማን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። ውኃ፣ ፊት መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ተባብረው አጠፉት። እዚህ ከጠፋ፣ እዚያም ይጠፋል።

ለማጠቃለል፣ ብዙ አልጠይቃችሁም። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ምረጡ፤ እናት፣ አባት፣ አማት፣ ጎረቤት። አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው በሌላው እንዲያዩ አድርጉ፤ ከዚያ አቀያይሩ። አንዱ ከሌላው ከደከመ፣ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው፤ ራሳችሁ ውሰዷቸው። አገር ቤት ስትደውሉ ከ«ደህና ናችሁ?» ቀጥሎ «ዓይናችሁስ?» በሉ። ተሠርታችሁ የዳናችሁ ደግሞ እንደዚያች የጽዳት ሠራተኛ እናት ቡና ጠጡና ተርኩ፤ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእናንተ መርፌና ክር ያሳምናል።

ባለፈው ስግድ እናቴ ሁለቱም ዓይኗ ተሠርቶ ኢየሩሳሌም ወጣች። የጃንጥላዎቹን ቀለም አንድ በአንድ እየጠራች ለልጄ ስትቆጥርላት ሰማኋት። አንዱ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ «ይኼኛው ድሮም እንዲህ ደማቅ ነበር?» አለች።

ሃሳዓው መጣ። አክስቴም በሚመጣው ማክሰኞ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ ብላኛለች፤ ሰኞ ማታ ደውዬ አስታውሳታለሁ። እናንተም ደውሉ።

ቸር እንሰንብት።